የግንበኞች አገር ክሮዝ

ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ናት። ሰፋፊ መንገዶቿና ከጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶቿ በዓለም የታወቁ ናቸው። ታዲያ እነዚያን ቤቶች ማን ሠራቸው? አንዳንዱ ሰው ንጉሥ ሠራቸው ይላል፤ አንዳንዱም መሐንዲስ ሠራቸው ይላል። እርግጥ ነው፣ ንጉሥ ያዛል፤ መሐንዲስም ንድፍ ያወጣል። ድንጋዩን የተሸከመው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ቱንቢ ጥሎ ግድግዳውን ያቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። ከእነዚያ ግንበኞች መካከል ብዙዎቹ ክሮዝ ከሚባል ድሃ የገጠር አገር በእግራቸው እየመጡ የሠሩ ገበሬዎች ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የክሮዝን ምድርና ታሪክ እንመለከታለን። ስንመለከትም ሁለት ጥያቄዎችን በልባችን እንያዝ። መሬት ሕዝቡን መመገብ ሲያቅተው ሰው ምን ያደርጋል? ከአገሩ የወጣው ሰው ሳይመለስ ሲቀርስ አገሩ ምን ይሆናል?

እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእኛ አቆጣጠር ጋር ለማስተያየት የፈለገ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንስ።

ክሮዝ የት ነው?

ፈረንሳይ በምዕራብ አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ክሮዝ ያለው በፈረንሳይ መካከል ላይ ነው። ባሕር አይነካውም። ከሌላ አገርም ጋር አይዋሰንም። ከፓሪስ ወደ ደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ወደ ክሮዝ ይደረሳል።

ፈረንሳዮች አገራቸውን «ዴፓርትማን» በሚሏቸው ክፍሎች ከፋፍለው ያስተዳድራሉ። ዴፓርትማን ማለት በእኛ አገር ቀድሞ አውራጃ እንደሚባለው ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው። ክሮዝ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስፋቱ 5,565 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዋና ከተማው ጌሬ ትባላለች። ከዚያም ኦቡሶን፣ ቡርጋነፍ፣ ላ ሱተሬን የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች አሉ።

ስሙ የመጣው ከወንዙ ነው። ክሮዝ የሚባለው ወንዝ በደቡብ በኩል ካለው ከሚልቫሽ አምባ ይፈልቃል። አገሩን አቋርጦ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል፤ ከዚያም ቪየን ከሚባል ሌላ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ቪየንም ሎዋር ወደሚባለው ትልቅ ወንዝ ይገባል። ሎዋርም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈስሳል።

መሬቱና አየሩ

የክሮዝ ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ከፍተኛው ቦታ የሚልቫሽ አምባ ነው። «ሚልቫሽ» የሚለው ቃል ለፈረንሳይኛ ሰሚ «ሺህ ላሞች» የሚል ይመስላል። ሊቃውንት ግን ስሙ ከላም የመጣ አይደለም ይላሉ።

የአምባው ከፍታ በአንዳንድ ቦታ ከ900 ሜትር ይበልጣል። ደጋ አገር ለምናውቀው ለእኛ ይህ ከፍታ ትንሽ ነው። ይሁንና አውሮፓ ከምድር ወገብ የራቀ አህጉር ነው። ፀሐይ ከምድር ወገብ እየራቅን በሄድን ቁጥር ኃይሏ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በክሮዝ የብርዱ ወራት ረጅም ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ውርጭና በረዶ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ማረስም መዝራትም አይቻልም። ከብቱም በበረት ውስጥ ሆኖ ድርቆሽ ይበላል።

አፈሩም ለጋስ አይደለም። ከሥሩ ያለው ግራናይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው። ግራናይት ሲፈርስ የሚሰጠው አፈር ስስና አሸዋማ ይሆናል። ኮምጣጣም ነው፤ ኖራ ይጎድለዋል። እንዲህ ያለ መሬት ስንዴን በደንብ አያበቅልም። ስለዚህ የጥንት ገበሬዎች «ሴግል» የሚሉትን እህል ይዘሩ ነበር። ሴግል ስንዴ ይመስላል፤ ብርድንና ድሃ መሬትን ይችላል፤ ዳቦው ግን ጥቁርና ደረቅ ነው። ሴግል ሲያልቅ ደግሞ «ሻቴኝ» የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ቀቅለው ይበሉ ነበር። ከጊዜ በኋላም ድንች ተጨመረ።

ያም ሆኖ አገሩ አንድ ትልቅ ሀብት አለው። እርሱም ውሃ ነው። ዝናብ ይበቃዋል፤ ምንጩ ብዙ ነው። ስለዚህ ሣር ይበቅላል፤ በግና ከብት ይረባል።

አስተዳደሩ እንዴት ተመሠረተ?

ከ1789 በፊት ክሮዝ የሚባል አስተዳደር አልነበረም። የዚህ አገር አብዛኛው ክፍል ላ ማርሽ ይባል ነበር። ማርሽ ማለት ጠረፍ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ በታላላቅ መሳፍንት ግዛቶች መካከል የነበረ ጠረፍ ስለሆነ ነው ይህን ስም ያገኘው። በዚያ ዘመን ገበሬው ለመሬት ጌታው ግብር ይገብር ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ አሥራት ይከፍል ነበር።

በ1789 የፈረንሳይ ሕዝብ በንጉሡና በመኳንንቱ ላይ ተነሣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመኳንንቱ ልዩ መብት እንዲቀር ተወሰነ። በ1790 ደግሞ የጥንቶቹ ግዛቶች ፈርሰው አገሪቱ በሙሉ በ83 ዴፓርትማኖች ተከፈለች። ዛሬ ቁጥራቸው 101 ደርሷል። ለአዲሶቹ ክፍሎች የጌቶች ስም አልተሰጣቸውም። አብዛኞቹ የወንዝና የተራራ ስም ተሰጣቸው። ክሮዝም በዚህ ዓይነት በ1790 ተወለደ።

ጌታው ሄደ፤ የመሬቱ ድህነት ግን አልሄደም። የክሮዝ ገበሬ ብዙውን ጊዜ የራሱ የሆነ ቁራጭ መሬት ነበረው። ነገር ግን አባት ሲሞት መሬቱ ለልጆች ይከፋፈላል። የልጅ ልጅ ሲደርስ ቁራጩ እያነሰ ይሄዳል። ቀረጥ ደግሞ በገንዘብ ይከፈላል። ልጅ ሲዳር ጥሎሽ ያስፈልጋል። ከዘመድ የተበደሩት ዕዳም ይጠብቃል። ሴግልና ሻቴኝ ሆድን ይሞሉ ይሆናል እንጂ ገንዘብ አያመጡም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በአገር የቀረ እጅ፦ የኦቡሶን ሸማኔዎች

«የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» ይባላል። የክሮዝ ሰዎች ግን መጠጊያ ያደረጉት የገዛ እጃቸውን ነው። እጃቸውም በሁለት መንገድ ሠራ። አንደኛው መንገድ በአገር ተቀምጦ መሥራት ነው።

በኦቡሶንና በጎረቤቷ በፌልታን ሸማኔዎች ከ500 ዓመት በላይ ሲሸምኑ ኖረዋል። የሚሸምኑት የሚለበስ ልብስ አይደለም። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሥዕል ያለበት ትልቅ ስጋጃ ነው። ዛፍ፣ አውሬ፣ ሰው፣ አበባ፣ ሁሉ በቀለም በተነከረ የበግ ጠጉር ይሠራበታል።

አሠራሩ የሚያስገርም ነው። ድሩ በሸማኔው ፊት እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይወጠራል። የሥዕሉ ንድፍ ከድሩ ሥር ይደረጋል። ሸማኔው በድሩ መካከል ቁልቁል እያየ ማጉን በቀለም በቀለሙ ያስገባል። የሚሠራው ከጀርባው በኩል ነው። ስለዚህ የሥራውን ፊት የሚያየው ስጋጃው አልቆ ከሸማ ዕቃው ሲወርድ ነው። አንድ ትልቅ ስጋጃ ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጃል።

በ1665 የፈረንሳይ መንግሥት ለኦቡሶን ሸማኔዎች የንጉሥ ሥራ ቤት የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ችግር መጣ። በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንት እምነት በአገሩ እንዲከለከል አዘዘ። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ስለዚህ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊስ ተሰደዱ። ሙያቸውንም ይዘው ሄዱ። መሣሪያን መውረስ ይቻላል፤ በሰው እጅ ውስጥ ያለውን ጥበብ መውረስ ግን አይቻልም። ኦቡሶን ከዚህ ጉዳት ለማገገም ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

የሆነ ሆኖ ሙያው አልሞተም። በ2009 ዓለም አቀፉ የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ የኦቡሶንን ሽመና በዓለም የባህል ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬም በኦቡሶን ይሸመናል።

ከአገር የወጣ እጅ፦ ግንበኞቹ

ሁለተኛው መንገድ ከአገር ወጥቶ መሥራት ነው። ግራናይት አፈሩን ድሃ ቢያደርገውም ሰዎቹን የድንጋይ ሥራ አስተምሯቸዋል። የክሮዝ ገበሬ ቤቱን የሚሠራው በድንጋይ ነው። የማሳውንም አጥር የሚክበው በድንጋይ ነው። ይህን ሙያውን ይዞ ወደ ከተማ መውጣት ጀመረ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል በየዓመቱ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ የክሮዝ ወንዶች ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሊዮንና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዙ ነበር። የሚነሡት በመጋቢት ነው። የሚመለሱት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። ለምን ቢባል፣ በብርዱ ወራት ኖራ ስለማይደርቅ የግንብ ሥራ ይቆማል።

ጉዞው በእግር ነበር። በቡድን በቡድን ሆነው ይሄዳሉ። ከመካከላቸው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይመራቸዋል። በቀን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ሌሊት በየመንገዱ ዳር ባለ ማደሪያ ቤት፣ በቆሸሸ አልጋ ወይም በጭድ ላይ ይተኛሉ። ከመካከላቸው የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ነበሩባቸው። እግራቸው ሲላላጥና ሲቆስል አባቶቻቸው ጨርቅ ይጠመጥሙላቸው ነበር። በሚያልፉበት መንደር ያሉ ሰዎችም ይዘባበቱባቸው ነበር።

ፓሪስ ሲደርሱ አዳራቸው በጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ አልጋ ይተኛሉ። ሥራ ያላገኘ ሰው ጠዋት ጠዋት ፕላስ ደ ግሬቭ ወደሚባል አደባባይ ይሄዳል። እዚያ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። በፈረንሳይኛ የሥራ ማቆም አድማ «ግሬቭ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከዚህ አደባባይ ስም ነው። ሥራ ፈቶ የቆመ ሠራተኛ የሚገኝበት ቦታ ስለነበረ ነው።

አዲስ መጥቶ የሚቀጠር ልጅ በቀጥታ ግንበኛ አይሆንም። በመጀመሪያ አቀባይ ይሆናል። ድንጋይና የተቦካ ኖራ በትከሻው ተሸክሞ መሰላል ይወጣል፤ ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ የግንበኛ ማንኪያ ይጨብጣል። ከርብራብ ላይ ወድቆ የሚሞትና አካለ ስንኩል የሚሆን ብዙ ነበር። የወደቀ ሰው ካሣ አያገኝም። ወደ መንደሩ ተመልሶ የቤተሰቡ ሸክም ይሆናል።

ከ1853 እስከ 1870 ኦስማን የሚባለው የፓሪስ አስተዳዳሪ አሮጌ ሰፈሮችን አፍርሶ ከተማዋን እንደ አዲስ አሠራ። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቃቸው ትላልቅ ጎዳናዎች ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ሥራ ናቸው። ለዚህ ሥራ ከክሮዝ የመጣው ግንበኛ ብዙ ነው።

በቤት የቀሩት ሴቶች

የግንበኞቹ ታሪክ ሲወራ አንድ ነገር ይዘነጋል። ወንዱ በመጋቢት ወጥቶ በኅዳር ከተመለሰ እርሻውን ማን ያርሳል? መልሱ ግልጽ ነው። የሚሠሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ።

ድርቆሹን ያጨደችው ሴት ናት። ሴግሉን ያጨደችው፣ ሻቴኙን የለቀመችው፣ በጉን የጠበቀችው፣ ላሟን ያለበችው ሴት ናት። አበዳሪው በር ሲያንኳኳ መልስ የምትሰጠው እርሷ ናት። ልጅ የምትወልደውም ብዙ ጊዜ ባሏ በሌለበት ነው። ስለዚህ ፓሪስን የገነቡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው ማለት ትክክል አይሆንም። ሴቶቹ ማሳውን ባይዙት ኖሮ ወንዶቹ ከቤት መውጣት ባልቻሉም ነበር።

ባልና ሚስት የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ግን ደብዳቤውን በሰው እጅ ያስጽፋል፤ የመጣለትንም በሰው አፍ ያስነብባል። የቤቱ ምስጢር፣ የዕዳው ልክ፣ የተላከው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉ በጎረቤት ጆሮ ያልፋል። የክሮዝ ሰዎች የትምህርትን ጥቅም ከተረዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ፊደል የቆጠረው ግንበኛ

በ1815 ሱብረቦ በምትባል የክሮዝ ቀበሌ፣ ላ ማርቲኔሽ በተባለች መንደር አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ማርቲን ናዶ ይባላል። አባቱ ገበሬም ግንበኛም ነበር። አባትየው ልጁን ትምህርት ቤት ላስገባ ሲል በቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። አያቱ አልተስማሙም። እኛ ሳንማር ኖረን የለም ወይ ሲሉ ተቃወሙ። እናቱም ልጁ ለከብትና ለእርሻ ያስፈልገኛል አለች። አባቱ ግን መማር አለበት ብሎ ጸና። ልጁም ተማረ።

ናዶ በ1830 በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ፓሪስ ተጓዘ። እንደ ሌሎቹ ኖራ ተሸከመ። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ድኖ ተመለሰና ግንበኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እንደገና ቀጠለ። ቀን ድንጋይ ሲደረድር ውሎ ማታ ያጠና ነበር። ቀጥሎም በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ባልደረቦቹን ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ያስተምር ጀመር። እጃቸው በኖራ የተላጠ ጎልማሶች ከሥራ መልስ በመብራት ዙሪያ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በመጠጥ ቤትም ሠራተኞች ሲሰበሰቡ ጋዜጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር።

በ1849 የክሮዝ ሕዝብ ናዶን ለአገሪቱ ምክር ቤት መረጠው። ከርብራብ ላይ የወረደ ግንበኛ ከጠበቆችና ከባለርስቶች ጋር እኩል ተቀመጠ። ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1851 ሉዊ ናፖሊዮን ምክር ቤቱን በጦር ኃይል በተነ። ናዶ ታሰረ፤ ከአገርም ተባረረ። በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ በግንበኝነት፣ ኋላም በአስተማሪነት ሠርቶ ኖረ። ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን ኖሮ አስተማሪ መሆን ባልቻለም ነበር።

በ1870 መንግሥቱ ሲወድቅ ተመለሰና የክሮዝ አስተዳዳሪ ሆነ። ከ1876 እስከ 1889 ድረስ እንደገና የምክር ቤት አባል ነበር። በ1880 ስለ ሥራ ላይ አደጋ የሕግ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ጊዜ የቆሰለ ሠራተኛ ካሣ ለማግኘት ጥፋቱ የቀጣሪው መሆኑን ራሱ ማስረዳት ነበረበት። ክንዱ የተሰበረ ድሃ ከባለሀብት ጋር እንዴት ብሎ ይከራከራል? ናዶ ይህ እንዲለወጥ ታገለ። ነገሩ 18 ዓመት ፈጀ። በ1898 በወጣው ሕግ ግን በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የቀጣሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ እንዲያገኝ ተወሰነ። ናዶም በዚያው ዓመት በተወለደበት መንደር አረፈ። የሕይወቱን ታሪክ በ1895 በመጽሐፍ አሳትሞ ስለነበር ስለ ግንበኞቹ ጉዞና ኑሮ ዛሬ ብዙ ነገር እናውቃለን።

ባቡር መጣ፣ መመለስ ቀረ

በ1856 ከፓሪስ ወደ ሊሞዥ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በክሮዝ ምዕራብ በኩል በላ ሱተሬን አለፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሐዲዶችም ተዘረጉ። ባቡሩ ጥቅም አመጣ። ግንበኛው እግሩን ከመቁሰል ዳነ። ኖራም በፉርጎ ተጭኖ ከሩቅ መጣ። ኖራ በማሳ ላይ ሲበተን ኮምጣጣውን አፈር ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ሴግል ብቻ ይዘራበት በነበረው መሬት ስንዴ መዝራት ተቻለ።

በሌላ በኩል ባቡሩ የጉዞውን ዓይነት ለወጠው። ቀድሞ መንገዱ አድካሚ ነበረና ሚስትና ልጅ ይዞ መሄድ አይታሰብም ነበር። አሁን ቤተሰብን ይዞ መሄድ ቀላል ሆነ። በከተማም የክረምት ከበጋ ሥራ ተገኘ። ስለዚህ በኅዳር ይመለስ የነበረው ሰው መመለሱን ተወ። በመጀመሪያ ባል ቀረ፤ ቀጥሎ ሚስት ተከተለችው፤ ልጆቹም የፓሪስ ልጆች ሆኑ።

ቁጥሩን እንመልከት። በ1851 በክሮዝ 287 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2020 የነበረው ግን 116 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት በ170 ዓመት ውስጥ ከአምስት ሰው ሦስቱ ጎድሏል። የፈረንሳይ ሕዝብ በጠቅላላው በዚህ ጊዜ ውስጥ እየበዛ ሲሄድ ክሮዝ ግን እየሳሳ ሄደ።

ጦርነትም የራሱን ወሰደ። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ የክሮዝ ወጣቶች ሞቱ። በሚልቫሽ አምባ ላይ ዣንቲዩ በምትባል መንደር በ1922 የተሠራ ሐውልት አለ። በሌላ ቦታ ያሉ ብዙ ሐውልቶች ጠመንጃ የያዘ ወታደር ያሳያሉ። የዣንቲዩ ሐውልት የሚያሳየው ግን የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ቆቡን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን እጁን ጨብጦ ከሙታኑ ስም ዝርዝር ሥር ወዳለው ጽሑፍ ዘርግቷል። ከዝርዝሩ ሥር «ጦርነት የተረገመ ይሁን» የሚል ተጽፏል።

ከሩቅ ደሴት የመጡት ልጆች

ሰው ያለቀበትን አገር በሰው ለመሙላት መንግሥት ያደረገው አንድ ነገር አለ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው፤ ነገር ግን መታወቅ አለበት።

ሬዩኒዮን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኝ ደሴት ናት። የምትተዳደረው በፈረንሳይ ነው። በ1960ዎቹ ደሴቲቱ ሕዝብ የበዛባትና ድህነት የጸናባት ነበረች። ስለዚህ የፈረንሳይ ባለሥልጣኖች ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የደሴቲቱን ልጆች ሰው ወደሳሳባቸው የፈረንሳይ ገጠሮች ላኩ። ከእነዚህ ልጆች በርካቶቹ ወደ ክሮዝ መጡ።

ለብዙ ወላጆች የተነገራቸው ልጆቻችሁ ይማራሉ፣ ደህና ኑሮ ይኖራሉ የሚል ነበር። ወረቀትም ቀረበላቸው። ከወላጆቹ ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ አሻራቸውን አኖሩ። በወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን አላወቁም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ደግ አሳዳጊ አገኙ። ሌሎቹ ግን በየእርሻው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ እረኞችና አገልጋዮች ሆኑ። የፀሐይ አገር ልጆች በበረዶ አገር ከወንድምና ከእኅት ተለያይተው አደጉ። ብዙዎቹ እናታቸውን ዳግመኛ አላዩም። በ2014 የፈረንሳይ ምክር ቤት መንግሥት በዚህ ነገር የሞራል ኃላፊነት እንዳለበት በውሳኔ አምኗል።

ይህን ታሪክ ከናዶ ታሪክ ጋር ስናስተያየው አንድ ነገር ይታየናል። ናዶ ሕግ ያስጻፈው ፊደል ስለቆጠረ ነው። የሬዩኒዮን ወላጆች ደግሞ ማንበብ ባለመቻላቸው ልጆቻቸውን የሚወስደውን ወረቀት በገዛ ጣታቸው አጸደቁ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ የአታላዩ ነው። ነገር ግን ማንበብ የሚችልን ሰው ማታለል ከባድ ነው።

ክሮዝ ዛሬ

ዛሬ ክሮዝ ኑቬል አኪቴን በሚባል ሰፊ ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህ ክልል የተቋቋመው በ2016 ሦስት ክልሎች ተዋህደው ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው 21 ያህል ብቻ ነው። በአውሮፓ ካለው የፈረንሳይ ምድር ከክሮዝ ያነሰ ሕዝብ ያለው ዴፓርትማን አንድ ሎዜር ብቻ ነው።

የገበሬው ዋና ሥራ አሁን የሥጋ ከብት ማርባት ነው። ሊሙዚን የሚባለው ቀይ ከብት በዓለም የታወቀ ነው። ጥንት በግ ይሰማራበት የነበረው የአምባው መሬት ብዙው ዛሬ ደን ሆኗል። እጅ ሲጠፋ ማሳው በዛፍ ተያዘ። በፌልታን የግንባታ ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። የተከፈተው በ1911 ነው። የግንበኞቹ ጥበብ ዛሬም በዚያ ይወረሳል።

ችግሩም ዛሬ አለ። ከነዋሪው ብዙው በዕድሜ የገፋ ነው። ልጅ ሲያንስ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይሄዳል። ሐኪም ማግኘት ለብዙ መንደር ከባድ ነው። በሌላ በኩል ከከተማና ከሌሎች አገሮች መጥተው የተዘጉ ቤቶችን ገዝተው የሚያድሱ፣ እርሻ የሚጀምሩ ሰዎችም አሉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንረዳለን?

አንደኛ፣ የመሬት ድህነት የሰው ድህነት አይደለም። ሴግል እንኳ በግድ የሚበቅልበት አገር ሸማኔና ግንበኛ አፍርቷል።

ሁለተኛ፣ ሙያ ከዕውቀት ጋር ሲጣመር ይበረታል። ግንበኞቹ ለብዙ ዘመን ፓሪስን ሲሠሩ ከርብራብ የወደቀ ሰው አስታዋሽ አልነበረውም። ከመካከላቸው ፊደል የቆጠረ ሰው ሲነሣ ግን ጉዳያቸው ወደ ሕግ አውጪዎች ፊት ደረሰ።

ሦስተኛ፣ ሰው ከአገሩ ወጥቶ መሥራቱ በራሱ ጉዳት አይደለም። የክሮዝ ግንበኛ በየዓመቱ እየተመለሰ በነበረበት ጊዜ ያመጣው ገንዘብ ዕዳ ከፍሏል፤ መሬት ገዝቷል፤ ቤት ሠርቷል። አገሩ የተጎዳው የሚመለስበት ምክንያት ሲጠፋ ነው። ሰው የሚመለሰው ትምህርት ቤት፣ ሐኪምና ሥራ ወዳለበት ነው። የሌላውን ከተማ ያቆመ እጅ በገዛ መንደሩም የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል።

እንወያይ

1. የክሮዝ አፈር ለምን ድሃ ሆነ? የእናንተ አካባቢ አፈርስ ምን ይጎድለዋል?

2. ወንዶቹ ለሥራ ሲወጡ የቤቱንና የእርሻውን ሥራ የሚሠሩት እነማን ነበሩ?

3. ባቡሩ ለክሮዝ ምን ጥቅም አመጣ? ምንስ ጉዳት አስከተለ?

4. ከመንደራችሁ ለሥራ የወጡ ሰዎች አሉ? እንዲመለሱ ምን ቢኖር ይሻላል?